ሲኒ ማለት «ቻይናዊት» ማለት ነው

(ለአንድ የንባብ ክበብ አባላት ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን ጨምሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ቡና ታሪክ እንዳወራ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለ ቡና ማውራት ሰልችቶኛል። ካልዲንና ፍየሎቹን የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቡናውን ለሌሎች ትቼ የሚቀዳባትን ዕቃ ይዤ መጣሁ። ሲኒን።

ሲኒ ቤታችን ውስጥ በጣም ከመለመዷ የተነሣ ስሟን የሚጠይቅ የለም። ስለ ጀበና ይጠየቃል፣ ስለ ረከቦት ይጠየቃል። ሲኒ ግን ሲኒ ናት፣ አለቀ። አንዳንዱ ቃሉ «ትንሽ» ማለት ይመስለዋል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ከሲኒማ ጋር ሊያዛምዳት ሞክሮ ነበር። ሲኒማ የግሪክ ቃል ነው፣ እንቅስቃሴ ከሚለው የመጣ። ምንም አይገናኙም።

ሲኒ ዐረብኛ ነው። «ሲን» በዐረብኛ ቻይና ማለት ነው። ዐረቦች ከየመን «የመኒ»፣ ከሐበሻ «ሐበሺ» እንደሚሉት ሁሉ፣ ከሲን «ሲኒ» አሉ። ቻይናዊ፣ የቻይና። በቃ ይኸው ነው ትርጉሙ።

እንግዲህ መርካቶ ወርዳችሁ «የቻይና ሲኒ አለ?» ስትሉ «የቻይና ቻይናዊት አለች?» እያላችሁ ነው። ነጋዴው ይባስ ብሎ «ኦርጅናል የጃፓን ሲኒ ነው፣ ውሰጂው» ይላል። የጃፓን ቻይናዊት! እኔ ግን በዚህ አልስቅም። ለምን እንደማልስቅ በኋላ እመጣበታለሁ።

ስለ ድምፁ ትንሽ ልበል። ፋርሶች አገሩን «ቺን» ይሉት ነበር። ዐረብኛ «ቸ» የሚባል ድምፅ የለውም። ስለዚህ ጠበቅ ባለ «ሰ» ተክቶ «ሲን» አለው፤ ሳድ በሚባለው ፊደል። ያ ፊደል ወደ አማርኛ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ተራ «ሰ» ይሆናል። ሳህን፣ ሳሙና፣ ሰንዱቅ፤ ሦስቱም በዐረብኛ በዚያው ፊደል ነው የሚጀምሩት። ሲኒም በዚሁ በር ነው የገባችው። «ቺን» የሚለው ስም ራሱ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 አገሪቱን አንድ ካደረገው የቺን ሥርወ መንግሥት የመጣ ነው የሚለው አስተያየት በብዛት ይጠቀሳል። ቻይኖቹ ግን ራሳቸውን እንደዚያ አይጠሩም። አገራቸውን «ዦንግጉዎ» ይሉታል፤ የመካከል አገር።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ።

በ851 የተጻፈ አንድ የዐረብ መንገደኛ ዘገባ አለ። ሰውየው ቻይና ደርሶ ያየውን ይናገራል። ቻይኖች በጣም ጥሩ ሸክላ እንዳላቸው፣ ከሱም እንደ ብርጭቆ የሳሳ ጽዋ እንደሚሠሩ፣ በውስጡ ያለው ውሃ በግድግዳው በኩል እንደሚታይ ይነግረናል። ይህን ሲጽፍ የገረመው አንድ ነገር ነው፦ ጭቃ ብርሃን ያሳልፋል? እስከዚያ ድረስ ሸክላ ማለት ወፍራም፣ ቀይ ወይም ጥቁር፣ ውሃ የሚጠጣ ነገር ነበር። ከቻይና ውጭ በአብዛኛው እንደዚያው ነበር።

ያን ጊዜ ዕቃው በመርከብ ይመጣ እንደነበር የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃም አለ። በ1998 ኢንዶኔዥያ ውስጥ በቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ አንድ የሰጠመ መርከብ ተገኘ። ሳንቃዎቹ በገመድ የተሰፉ ነበሩ፤ ይህ የዐረቦችና የሕንድ ውቅያኖስ ሰዎች አሠራር ነው። ውስጡ ወደ 60,000 የሚጠጋ የቻይና ሸክላ ነበር። አንዷ ሳህን ላይ የተጻፈው ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመለስ 826 ይሆናል። ልብ በሉ፣ አብዛኛው ሳህን ዛሬ ፖርሴሊን የምንለው አልነበረም፤ ተራ የገበያ ጎድጓዳ ነው። ነጩና የሳሳው ከመካከሉ ጥቂት ነበር። ግን ንግዱ ምን ያህል ግዙፍ እንደነበር ታዩበታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ስሙ እየሰፋ ሄደ። በ1038 የሞተው የኒሻፑሩ ሊቅ አል-ሰዓሊቢ አንድ ነገር ጽፎ ትቷል። ዐረቦች በረቀቀ ወይም በተለየ መንገድ የተሠራን ዕቃ ሁሉ፣ የትም ይሠራ የት፣ «ሲኒ» ይሉታል ይላል። ምክንያቱም ጥሩ ዕቃ መሥራት የቻይኖች ሙያ ተደርጎ ይታይ ነበር። አያችሁ? «የጃፓን ሲኒ» ያልኳችሁ ነጋዴ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊትም እንደዚያው ይባል ነበር። ሲኒ የአገር ስም መሆኑ ቀርቶ የጥራት ስም ሆኖ ነበር። እንዲያውም እኔን የሚገርመኝ የዛሬው ነገር ነው። ዛሬ «የቻይና ነው» ስንል ቶሎ የሚሰበር፣ ርካሽ ማለታችን ነው። ያኔ ተቃራኒው ነበር።

ይህችን ሲኒ እዩልኝ። (እዚህ ላይ አንዲት ነጭ ሲኒ አንሥቼ ለታዳሚው አሳየሁ።) ቤት ስትሄዱ እናንተም ሞክሩት። መጀመሪያ ገልብጧት። ከታች ጠረጴዛው ላይ የምትቀመጥበት ቀለበት አለ። እዚያ ቀለበት ላይ መስተዋት የመሰለው ቅብ የለም፤ ምድጃው ውስጥ እንዳይጣበቅ ይጠረጋል። ሸክላው ራቁቱን የሚታየው እዚያ ላይ ብቻ ነው። እውነተኛ ፖርሴሊን ከሆነች ቀለበቱ ነጭ ነው፣ ለጣት ልስልስ ይላል። ተራ ሸክላ ተቀብቶ ከሆነ ግን ቡኒ ወይም ቢጫ ይላል፤ ምላሳችሁን ብታስነኩት ሳብ ያደርጋል። ምላስ የሚስበው ቀዳዳ ስላለው ነው፤ ውሃ ይመጥጣል።

ቀጥሎ በጥፍራችሁ ጠርዟን ነካ አድርጉ። ጠንካራዋ «ጭል» ትላለች። የተሰነጠቀች ከሆነች፣ ስንጥቁ ባይታይም፣ ድምፁ ይደፈናል። መርካቶ ውስጥ ዕቃ የሚያውቁ እናቶች ስድስቱንም አንድ በአንድ እንዲህ ሳያዳምጡ አይገዙም። ሻጩ ይነጫነጫል፤ እነሱ ግድ አይሰጣቸውም። በመጨረሻ ወደ መብራት አንሥታችሁ ጣታችሁን ከውስጥ አስገቡ። የጣታችሁ ጥላ በግድግዳው ከታየ፣ የ851ዱ መንገደኛ ያየውን አያችሁ ማለት ነው።

ምስጢሩ ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው፤ አፈርና እሳት። አፈሩ ካኦሊን ይባላል። ነጭ ሸክላ ነው፣ በከፍተኛ እሳት ቅርጹን የማይለቅ። ስሙ ጋዎሊንግ ከሚባል ቦታ የመጣ ነው፤ በቻይና ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር፣ ጂንግዴዠን ከተባለችው የሸክላ ከተማ አጠገብ። ከካኦሊኑ ጋር የተፈጨ ድንጋይ ይደባለቃል። እሳቱ 1,300 ዲግሪ ሲደርስ ድንጋዩ ቀልጦ በካኦሊኑ መካከል ያሉትን ቀዳዳዎች ይሞላል። ሲበርድ ግማሹ ሸክላ፣ ግማሹ ብርጭቆ የሆነ ነገር ይወጣል። ለዚህ ነው ውሃ የማይጠጣው፣ ሽታ የማይዘው።

ሴቶቻችን ይህን ያለ ኬሚስትሪ ያውቁታል። አዲስ ጀበና ተገዝቶ ሲመጣ ይሟሻል። ምጣድም ይሟሻል፣ ድስትም ይሟሻል። ሲኒ ግን አይሟሽም። ታጥባ በቀጥታ ሥራ ትጀምራለች። የሚሟሸው ቀዳዳ ያለው ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ምኑ ይሟሻል?

እሺ፣ ሌሎች ሕዝቦች ይህን ዕቃ ሲያዩ ምን አሉት? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

ጣሊያኖች «ፖርቸላና» አሉት። ፖርቸላና አስቀድሞ የዛጎል ስም ነበር። እናቶቻችን በአንገት የሚያስሩት፣ በቆዳ ላይ የሚሰፉት ያ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ዛጎል። የቬኒሱ ማርኮ ፖሎ ከቻይና ሲመለስ ቃሉን ለሁለቱም ተጠቅሞበታል፤ ለዛጎሉም ለሸክላውም። ነጭነቱና ውበቱ ተመሳሰለባቸው። ፖርሴሊን የምንለው ከዚያ ነው የመጣው። ዛጎሉን ደግሞ ለምን ፖርቸላና አሉት ብትሉ፣ «ፖርቸላ» ትንሽ እንስት አሳማ ማለት ነው። የዛጎሉ ጀርባ የአሳማ ጀርባ ይመስላል የሚሉ አሉ። ሌላም ማብራሪያ አለ፤ ሽማግሌዎች ስላሉ እሱን እንለፈው።

ፋርሶች ደግሞ የቻይናን ንጉሥ «ፋግፉር» ይሉት ነበር። የአምላክ ልጅ ማለት ነው። ቻይኖቹ ንጉሣቸውን «የሰማይ ልጅ» ስለሚሉት ፋርሶች በራሳቸው ቋንቋ መልሰውት ነው። ከዚያ የንጉሡ ስም ወደ ንጉሡ አገር ዕቃ ተላለፈ። ቱርኮች ወሰዱት፣ ከቱርኮች ሩሲያ ገባ። እዚህ ሶቪየት የተማራችሁ ካላችሁ «ፋርፎር» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። የተማሪ ማደሪያ ካፌ ውስጥ ያቺ ሻይ የምትጠጡባት ኩባያ ስሟ «የሰማይ ልጅ» ነበር።

እንግሊዞች «ቻይና» ብለው ተዉት። በዚህ ከዐረቦች ጋር አንድ ሆኑ። ሕንድ ውስጥ «ቺኒ» ብትሉ ስኳር ያመጡላችኋል። ቱርክ አገር «ሲኒ» ብትሉ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ትልቅ ክብ የብረት ትሪ። ምግብ ተደርድሮበት ቤተሰብ ዙሪያውን የሚበላበት። ከዐረብኛው «ሲኒየ» የተወሰደ ነው። ገልፍ የሠራች እህት ወይም ልጅ ያለቻችሁ ጠይቋት። እመቤቲቱ «ሲኒየ አምጪ» ስትላት የምትፈልገው ትሪ ነው እንጂ የቡና ሲኒ አይደለም። ሲኒዋን እነሱ «ፊንጃን» ነው የሚሏት። መጀመሪያ «የቻይና ሳህን» የነበረው ቃል ከቁሱ ተላቆ ቅርጹን ብቻ ይዞ ቀረ። ዛሬ ከብረትም ከላስቲክም ቢሠራ ሲኒየ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። የዕቃ ስም ዕቃውን ማን እንደሠራው አይነግረንም። በየትኛው በር እንደገባ ነው የሚነግረን። ብርቱካንን ውሰዱ። ጣፋጩ ብርቱካን መነሻው ቻይና ነው። ግን የሸጡት ፖርቱጋሎች ስለነበሩ ዐረቦች «ቡርቱቃል» አሉት፣ እኛም ብርቱካን። ሆላንዶች ደግሞ እስከ ዛሬ «የቻይና ፖም» ነው የሚሉት። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ እኛ ግን አውስትራሊያን አላየንም፣ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ብቻ ነው ያየነው። ሻይ የቻይና ቃል ነው፤ ወደኛ የመጣው ግን በፋርስና በዐረብ አፍ ተሻሽቶ ነው። ሲኒም እንዲሁ ናት። ቻይናዊ ነጋዴ ደጃችን መጥቶ አልሸጠልንም። ስሙን የሰጠን ዐረብኛ የሚናገረው ነጋዴ ነው፤ በምጽዋ፣ በዘይላ፣ በሐረር በኩል።

ማዕዱን በሙሉ ብታዩት ይኸው ነው። ሳህን ዐረብኛ። ኩባያ ዐረብኛ። ሹካ ዐረብኛ፤ እሾህ ማለት ነው። ጀበና እንኳ፣ እዚሁ በእጃችን ከጭቃችን የምንሠራት፣ ስሟን ከሱዳን ጋር ትጋራለች። የቀይ ባሕር ንግድ ገበታችን ላይ ተቀምጦ አብሮን ይበላል።

ከሁሉ የምወደው ማስረጃ ግን የሳዳና መርከብ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

ሳዳና በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። እዚያ አጠገብ በ1760ዎቹ አካባቢ አንድ ግዙፍ የንግድ መርከብ ሰጠመ። ርዝመቱ 50 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ሰሜን እየሄደ ሳለ ኮራል ድንጋይ ገጨ። ከ1995 እስከ 1998 ተመራማሪዎች ወርደው ጭነቱን አወጡ። ምን አገኙ? የቡና ፍሬ። ዕጣን። የሸክላ የውሃ ማሰሮዎች። የሕንድ ውቅያኖስ ኮኮናት። እና ብዛት ያለው የቻይና ፖርሴሊን፤ ሳህንና ጎድጓዳ፣ ከመካከሉም ትንንሽ የመጠጫ ሲኒዎች።

አስቡት። ቡናውና ሲኒው አንድ ሆድ ውስጥ ተጭነው። የቡና ተክል ከኛ ተራሮች ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። የመን ውስጥ በ15ኛው መቶ ዓመት ሱፊዎች ሌሊት ነቅተው ለመጸለይ ይጠጡት ጀመር። ከዚያ መካ፣ ካይሮ፣ ኢስታንቡል። በ1550ዎቹ ኢስታንቡል ውስጥ ቡና ቤት ተከፈተ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ቡና የሚጠጣበት ትንሽ ነገር ፈለገ። ዝግጁ ሆኖ የጠበቀው የቻይና የሻይ ጽዋ ነበር። ትንሽ፣ ነጭ፣ እጀታ የሌለው። ሲኒያችን ለምን እጀታ የላትም ለሚል ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ቻይኖች ለሻይ ያበጁት ቅርጽ ነው። በሁለት ጣት ጠርዙንና እግሩን ይዞ መጠጣት እንዳይፋጅ የተገኘ ብልሃት ነው። እኛ ጋ ከፈረንጅ እጀታ ያለው ኩባያ ከመጣ በኋላም ቡና ግን በሲኒ ቀረ።

ነገሩ ከዚያም ይገርማል። ሲኒ የሚፈልገው ገበያ እያደገ ሲሄድ ሌሎችም ገቡበት። ቱርክ ውስጥ ኩታህያ የምትባል ከተማ የራሷን የቡና ፍንጃል መሥራት ያዘች። ጀርመን ውስጥ የማይሰን ፋብሪካ ለቱርክ ገበያ ብቻ የተዘጋጁ እጀታ የሌላቸው ትንንሽ ሲኒዎች ይልክ ነበር። ጀርመን የሠራትን ሲኒ አንድ ዐረብ ነጋዴ ለሌላው «ቻይናዊት» ብሎ ሲሸጥላት ይታያችሁ።

ማይሰን ካልኩ ቦትገርን ሳልጠቅስ ማለፍ ይከብደኛል። አውሮፓውያን ይህን ዕቃ ለመሥራት ብዙ መቶ ዓመት ሞክረው አልሆነላቸውም። ዮሐን ፍሪድሪሽ ቦትገር የሚባል ወጣት ወርቅ መሥራት እችላለሁ ብሎ አፉን ከፈተ። የሳክሶኒው ገዥ አውግስጦስ አስያዘው። ዓመታት ሙሉ እስረኛ አድርጎ «በል ሥራ» አለው። ወርቁ አልመጣም። ቺርንሃውስ ከሚባል ሊቅ ጋር ግን በ1708 ነጩን ሸክላ አገኙት። በ1710 ማይሰን ላይ ፋብሪካው ተከፈተ። አውግስጦስ ለዚህ ዕቃ የነበረው ፍቅር ጤነኛ አልነበረም። በ1717 ለፕሩሲያው ንጉሥ 600 ወታደሮች ሰጥቶ 151 የፖርሴሊን ዕቃ ወስዷል። አስሉት፤ ለአንድ ዕቃ አራት ሰው ገደማ። እኔ ለወታደሮቹ ነው የማዝነው። ማንም ስማቸውን አያውቅም፤ ሸክላዎቹ ግን ድሬስደን ሙዚየም ውስጥ ተደርድረው ይጎበኛሉ።

ወደ አገራችን ልመለስ። የቻይና ዕቃ ወደ ቀጣናችን መግባት የጀመረው ከቡናው ሥርዓት በፊት ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የቆፈሩት ቦታ አለ። ውጤቱ በ2017 ይፋ ሲሆን፣ የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ ብቻ ሳይሆን ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ጌጣጌጦችና ዕቃዎች መገኘታቸው ተነግሯል። ወደ ታች ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ዳርቻ ስትወርዱ ደግሞ የቻይና ሳህን የመቃብር ሐውልትና የመስጊድ ግድግዳ ላይ ተለስኖ ታገኛላችሁ። ጌዲ የሚባለው የፈረሰ ከተማ ውስጥ አንዱ ቤት «የፖርሴሊን ጎድጓዳ ቤት» ተብሎ ነው የሚጠራው። ሳህኑን ለመብላት አልፈለጉትም፤ ለማሳየት ነው የፈለጉት።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ብትገቡ ግድግዳው በሳህንና በጎድጓዳ፣ በሞሰብና በስፌት ተሸፍኖ ታያላችሁ። አዲስ አበባም ቢሆን ቡፌ የሌለው ሳሎን የትኛው ነው? ቡፌው መስተዋት በር አለው። ውስጡ የወርቅ ጠርዝ ያላቸው ሲኒዎች ተደርድረዋል። ልጅ ከነካቸው ወዮለት። እነሱ የእንግዳ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «እንዳይሰበሩ» ተብሎ በየቀኑ የምንጠጣባቸው ይወጣሉ። የጌዲ ሰዎች ቢያዩን ይገባቸው ነበር።

በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ሲኒ በሰፊው የገባችው ግን ዘግይታ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቡናው ራሱ ዘግይቷል። በክርስቲያኑ ደጋ ቡና ከጫትና ከትንባሆ ጋር ተደምሮ የሙስሊም ነገር ተብሎ ይወገዝ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው ነገሩ የላላው። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ በማለዘብ ይታወቃሉ። ቡናው ሲፈቀድ ዕቃው ከነስሙ ተከትሎ ገባ። ሌላ ስም ለማውጣት ማንም አልተቸገረም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉት እንኳ ዐረብኛ ዐረብኛ ይሸታሉ፤ በረካ በረከት መሆኑን ማንም ያውቃል።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቁሜ ጥያቄ ተቀበልኩ።

አንዲት እናት «እኛ አገር ፍንጃል ነው የምንለው፣ እሱስ?» ብለው ጠየቁ። ትክክል ናቸው። በትግርኛ ሲኒ የሚባለው ፍንጃል ነው። በአማርኛም ቃሉ አለ። ከዐረብኛው «ፊንጃን» የመጣ ነው። ዐረብኛው ከፋርስ «ፒንጋን» ወሰደው፤ ፋርሱን ደግሞ ከግሪኩ «ፒናክስ» የሚያመጡት አሉ፤ ሰሌዳ ወይም ሳህን ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ቤት «ሲኒ»፣ ጎረቤቱ «ፍንጃል» ሲል፣ አንዱ ስም ከምሥራቅ ዞሮ፣ ሌላው ከግሪክ ተነሥቶ፣ ሁለቱም በዐረብ ነጋዴ እጅ መጥተው አንድ ረከቦት ላይ ተገናኝተዋል። ከኔ ንግግር ሁሉ የሳቸው ጥያቄ ይበልጣል።

አንድ ወጣት ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ኢሳይያስ ምዕራፍ 49 ላይ ያለው «ሲኒም» የሚባለው አገር ቻይና ነው ወይ አለኝ። እንደዚያ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ የስሙ መመሳሰል ያሳስታል። ነገር ግን በሙት ባሕር አጠገብ ዋሻ ውስጥ የተገኘው ጥንታዊ የኢሳይያስ ጥቅልል ላይ ቃሉ «ሰወኒም» ተብሎ ነው የተጻፈው። ይህ በደቡብ ግብፅ ያለው አስዋን ነው፤ የአባይ ልጅ ነው እንጂ የቻይናው ወንዝ የያንግዜ አይደለም። ከሲኒ ጋር አይገናኝም።

የመጨረሻው ጥያቄ «ታዲያ እኛ ለምን አንሠራትም?» የሚል ነበር። ትንሽ በቁጣ ነው የጠየቀው፤ ልክ ነው ቁጣው። ባለሙያ አጥተን አይደለም። ሸክላ ሠሪዎቻችን ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ፣ ጀበናን ያን ያህል አሳስተው የሚያወጡ ናቸው። ለዚህ ሙያቸው ያገኙት ግን ክብር ሳይሆን ስድብ ነው፤ ይህን ሳንጠቅስ ስለ ሸክላ ማውራት ነውር ነው። ችግሩ ያለው ምድጃው ላይ ነው። እነሱ የሚተኩሱት ሜዳ ላይ፣ በእንጨትና በኩበት ነው። ያ እሳት ከ900 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ፖርሴሊን 1,300 ይፈልጋል፤ የታሸገ ምድጃ፣ ብዙ ሰዓት፣ ብዙ ነዳጅ። አፈሩስ? አፈሩ አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ በጉጂ በኩል ቦምቦሃ ላይ ካኦሊን ይወጣል፤ ሐዋሳ የሚገኘው ታቦር ሴራሚክም ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዎቻችን የጎደላቸው ምድጃውና ምድጃውን የሚያቆመው ገንዘብ ነው። ወጣቱ «ብትሠራስ ምን ትባላለች?» ብሎ ጨመረ። ሲኒ ነዋ! ማይሰንም ሠርቶ ስሟን አላስቀየረም።